ዛፍ የመቁረጥና የመከርከም ሥራ በአዲስ አበባ፦ ከግምት እስከ ቋሚ ደንበኛ

በአዲስ አበባ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም። ምሳር ያለው፣ ከፍታ የማይፈራ ወጣት በየሰፈሩ አለ። የሚጠፋው ዛፉን ዞሮ አይቶ፣ ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ አደጋው የት ላይ እንዳለ፣ እንጨቱ በየት በኩል እንደሚወጣ አስቀድሞ ነግሮ፣ በነገረው ዋጋና ቀን የሚጨርስ ባለሙያ ነው። ደንበኛ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። የዚህ ሥራ ትርፍ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በግምቱ ሰዓት ይወሰናል። ይህ መመሪያ በ3 ወይም በ4 ሰው ለሚጀምር ቡድን የተዘጋጀ ሲሆን ብዙውን ቦታ የሚሰጠውም ለግምቱና ለአቆራረጡ ነው።

ፈቃድና መድን

ለመጀመር በግለሰብ ነጋዴነት መመዝገብ ይበቃል፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ የንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ። ዘርፉን ስትመርጡ የግቢ ውበትና የአረንጓዴ ቦታ እንክብካቤ አገልግሎትን የሚያካትተውን ጠይቁ። ፈቃዳችሁ የእንጨት ንግድ ብቻ ከሆነ ትምህርት ቤት፣ ሆቴልና ኤምባሲ ለአገልግሎት ሊከፍሏችሁ ይቸገራሉ። እነዚህ ደንበኞች ደረሰኝ ካልቆረጣችሁላቸው አይቀጥሯችሁም፤ ሲከፍሉም ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ቀንሰው ነው። ዋጋ ስትሰጡ ያንን አስቡ፤ የተቀነሰበትን ደረሰኝም ሰብስባችሁ አስቀምጡ፣ ግብር ስታሳውቁ ይታሰብላችኋል።

ዛፉን የመቁረጥ ፈቃድ ሌላ ጉዳይ ነው። ዛፉ በደንበኛው ግቢ ውስጥ ቢሆንም ከሥር ከመቁረጣችሁ በፊት ወረዳው ይጠየቅ። ማመልከቻውን ባለቤቱ በስሙ ያስገባ፤ እናንተ የዛፉን ፎቶና የሚቆረጥበትን ምክንያት (ወደ ቤት ዘምሟል፣ ግንዱ ቦርቡሯል፣ መሠረት እያነሳ ነው) አዘጋጅታችሁ ስጡት። ሀገር በቀል ዛፍ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ በስም ተጠቅሰው ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው የነበሩ ዛፎች ናቸው፤ በከተማ ግቢ ውስጥም ማንም በቀላሉ አይፈቅዳቸውም። ወረቀቱ እጃችሁ ሳይገባ ሞተር አታስነሱ፤ «ባለቤቱ ፈቅዶልኛል» የሚለው ቃል አያድናችሁም።

ሁለት መድን ያስፈልጋችኋል። አንዱ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ነው፤ የጎረቤት ቆርቆሮና የቆመ መኪና የሚከፈለው ከዚያ ነው። ሌላው የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ፖሊሲውን ስትገዙ ከፍታ ላይ በሞተር መጋዝ እንደምትሠሩ በግልጽ አስጽፉ። «የአትክልት ሥራ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ፖሊሲ አደጋ በደረሰ ቀን ጥያቄ ያስነሳል።

መሣሪያ

ሁለት ሞተር መጋዝ ይበቃል። አንዱ ከ60 እስከ 70 ሲሲ፣ የ50 ወይም የ63 ሳንቲሜትር ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ያለው፣ መሬት ላይ ለግንድ የሚውል። ሌላው 30 ሲሲ አካባቢ፣ የ35 ሳንቲሜትር ባር ያለው ቀላል። የምርት ስሙ ስቲልም ይሁን ሁስክቫርና፣ ከስሙ ይልቅ መለዋወጫውና የሚጠግነው ሰው በቅርብ መኖሩን አጣሩ። ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ላለው ቅርንጫፍ ጥሩ የእጅ መጋዝ በቂ ነው፤ ዛፍ ላይ ደግሞ ከሞተር ይልቅ አደጋው የቀለለ ነው።

ቤንዚንና ዘይት ለጥሩ ባለሁለት ስትሮክ ዘይት 50 ለ 1 ይቀላቀላል፤ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። በዓይን አትቀላቅሉ፤ የመድኃኒት ሲሪንጅ ወይም ምልክት ያለው ብልቃጥ ተጠቀሙ። የባሩ ዘይት የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይሁን። ብረት ብናኝ ስላለበት ፓምፑን ይበላል፣ የደንበኛውን ግድግዳና ልብስም ያቆሽሻል።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ከፍታው በሞተር ላይ የሚያደርሰው ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ከከፍታው የተነሳ ብቻ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። መካኒኩ የከፍተኛ ዙሩን ብሎን ለከፍታው ያስተካክልላችሁ። ከዚያ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሥራ አግኝታችሁ ስትወርዱ መልሳችሁ ካላስተካከላችሁት ግን ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ራሳቸውን የሚያስተካክሉ አዳዲስ ሞዴሎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

ሰንሰለቱን ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ሞርዱ። ለትንሹ ሞተር ቀጭን ሰንሰለት 4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ፣ ለትልቁ እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት 4.8 ወይም 5.2 ሚሊ ሜትር ነው። መጋዙ ፍቅፋቂ መጣሉን ትቶ ዱቄት ከጣለ ደንዟል። የደነዘ ሰንሰለት ሠራተኛው እንዲጫን ያደርጋል፤ መጋዙ የሚንሸራተተውና ወደ ሰው የሚመለሰውም ያኔ ነው።

ለመውጫ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የማይለጠጥ የመውጫ ገመድ፣ የእግር ማቀፊያ ያለው ቀበቶ፣ አገጭ ላይ የሚታሰር ሄልሜት፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና የመጋዝ ሱሪ ያስፈልጋል። እንጨት ማውረጃው ገመድ የተለየ ይሁን፣ ቀለሙም ይለይ፤ ግንድ ያወረደ ገመድ ላይ ሰው አይሰቀልም። ዕቃ መሸጫ የሚገኘውን ተራ የናይለን ገመድ ለመውጫ አትግዙ፤ ጸሐይ ያደርቀዋል፣ ቋጠሮ ላይም ይበጠሳል። እግር ላይ የሚታሰረው ስፓይክ (ግንዱን እየወጋ የሚያስወጣ ሹል ብረት) የሚፈቀደው ከሥሩ ለሚወገድ ዛፍ ብቻ ነው። ለሚከረከም ዛፍ ከተጠቀማችሁበት እያንዳንዱ እርምጃ ለበሽታ በር ይከፍታል።

ግምት፦ ዛፉን ሳትነኩ የሚሠራው ሥራ

ደንበኛው በስልክ «አንድ ባህር ዛፍ ነው፣ በስንት ትቆርጣላችሁ?» ይላችኋል። በስልክ ዋጋ አትስጡ። በቴሌግራም አራት ፎቶ ጠይቁት፦ ዛፉ ከሩቅ ሙሉ ሆኖ፣ ግንዱ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት፣ በአጠገቡ የሚያልፈው የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦ፣ እንዲሁም አይሱዙ የሚገባበት በርና መንገድ። ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው፤ ዋጋውን የሚያዛንፈውም እሱ ነው። መኪናው በር ላይ ካልደረሰ አንድ ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ እንጨት ተሸክሞ ይመላለሳል።

ከዚያ ሄዳችሁ በቅደም ተከተል እዩ።

1. ቁመቱን ለኩ። የክንዳችሁን ርዝመት የሚያክል ዱላ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። የዱላው ታች ከዛፉ ሥር፣ ጫፉ ከዛፉ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ሂዱ። ከቆማችሁበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው።

2. ዙሪያውን ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ በሜትር ለኩና ለ3.14 አካፍሉ፤ ውፍረቱን ታገኛላችሁ። እርጥብ ባህር ዛፍ በግርድፍ በሜትር ኩብ አንድ ቶን ይመዝናል ብላችሁ አስቡ። 40 ሳንቲሜትር ውፍረትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ጉማጅ 125 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን ካወቃችሁ ስንት ቁራጭ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ምልልስ እንደሚሆን ይገባችኋል።

3. ጤንነቱን ፈትሹ። ግንዱን በምሳር ጀርባ ዙሪያውን ምቱት፤ ድፍን ድምፅና የቦርቧራ ድምፅ ይለያያሉ። ሥሩ ላይ እንጉዳይ፣ በቅርብ የተጀመረ መዝመም፣ ከዘመመበት በተቃራኒ በኩል የተሰነጠቀ አፈር ካያችሁ ማንንም አታስወጡ፤ ሥራው ከሌላ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ገመድ ወይም በክሬን ይሆናል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀየራል።

4. ወደ ላይ ሽቦ፣ ወደ ታች ጉድጓድ እዩ። በአዲስ አበባ ግቢ ሊረሳ የማይገባው የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን ነው። ከ6 ሜትር ላይ የተጣለ ጉማጅ ክዳኑን ይሰብራል፤ የዚያ ጥገና የቀኑን ትርፍ ይበላል። ጉድጓዱ የት እንዳለ ባለቤቱን ጠይቁ፣ በኖራ ምልክት አድርጉ። የውኃ ቧንቧ፣ ሮቶ፣ የሰርቪስ ቤት ጣሪያ፣ የጎረቤት አጥርም እንዲሁ።

5. ግንዱ ላይ ሚስማርና ሽቦ ፈልጉ። የልብስ ማስጫ ሽቦ የታሰረበት የቆየ ዛፍ ብረቱን ወደ ውስጥ ይውጠዋል፤ አንድ ሚስማር ሰንሰለት ይጨርሳል። ቅርፊቱ ያበጠበት ወይም የጠቆረበት ቦታ ምልክቱ ነው።

6. ቦርቧራ ውስጥ ንብ እንዳለ አዳምጡ። ካለ ንብ አርቢ በማታ ያንሳው። ለሞተር ድምፅ የተቆጣ ንብና ገመድ ላይ የተሰቀለ ሰው አብረው አይሆኑም።

የዋጋ ስሌት

ብዙ ጀማሪ የቀን ሠራተኛና የቤንዚን ወጪ ደምሮ ትንሽ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ሰንሰለቱና ባሩ ሲያልቅ የሚገዛበት ያጣል። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት።

የአንድ ቀን ሥራ እንበል። የሚወጣው ሰው 2500 ብር፣ ገመድ ያዡ 1200፣ ሁለት የቀን ሠራተኛ 1600፣ ቤንዚንና ዘይት 900፣ የመሣሪያ ማርጃ (ሲያልቅ ለመተካት የሚቀመጥ) 500፣ አይሱዙ ሁለት ምልልስ 6000። ድምሩ 12700 ብር። የወር ቋሚ ወጪያችሁ (መድን፣ ስልክ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይ፣ ማስታወቂያ) 24000 ብር ከሆነ ለ30 ቀን አታካፍሉት። ዝናብ፣ በዓል፣ ፈቃድ መጠበቅና ግምት የሚሄድበት ቀን ስላለ በወር 12 የሥራ ቀን ብላችሁ ጀምሩ፤ ለቀኑ 2000 ብር ይደርሳል። አሁን 14700 ሆነ። ላልታሰበ ነገር 10 በመቶ ጨምሩ፣ 16170። በዚያ ላይ 25 በመቶ ትርፍ፣ 20200 ብር ገደማ።

ሌላው ሰው 10000 ብሎ ከሆነ ብዙ ጊዜ እንጨቱን ወስዶ፣ ቅጠሉን ግቢ ውስጥ ትቶ ነው የሚሄደው። ለደንበኛው ልዩነቱን በወረቀት አሳዩት፦ ጽዳት ተካቷል፣ ጉቶው ከመሬት 10 ሳንቲሜትር ላይ ይቀራል፣ መድን አለ፣ የሥራ ቀን ይህ ነው። ዋጋ ከማውረድ ይልቅ ሥራውን ቀንሱለት፤ ለምሳሌ ግንዱን ራሱ የሚያስነሳ ከሆነ የአይሱዙው ዋጋ ከሂሳቡ ይቀነሳል።

በውሉ ላይ እንጨቱ የማን እንደሚሆን ይጻፍ። በዚህ ሥራ ዋናው የጭቅጭቅ ምንጭ ይህ ነው። ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ ግንድ ለአጣናና ለቋሚ ይሸጣል፤ ደንበኛው ይህን ሥራው ካለቀ በኋላ ከጎረቤቱ ሰምቶ ክፍያ ሊይዝባችሁ ይችላል። ቅድሚያ ከ30 እስከ 50 በመቶ በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበሉ፣ ቀሪው ግቢው ተጠርጎ በዚያው ቀን።

አቆራረጥ

በከተማ ግቢ ዛፍን በሙሉ ቁመቱ መጣል አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ለዚያ በሁሉም አቅጣጫ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ቦታው ካለ አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከመውደቂያው በተቃራኒ በኩል፣ በ45 ዲግሪ ወደ ኋላ የሚወስድ የማምለጫ መንገድ ጥረጉ። በሚወድቅበት በኩል ከውፍረቱ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚጠልቅ፣ ቢያንስ 45 ዲግሪ የተከፈተ አፍ አውጡ። ከኋላ ስትገዘግዙ ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን መታጠፊያ እንጨት ሳይቆረጥ ይቅር፤ ዛፉን የሚመራው እሱ ነው። መታጠፊያውን ጨርሶ መቁረጥ ዛፉን ወደፈለገበት እንዲወድቅ መፍቀድ ነው። ወደ ፊት በጣም የዘመመ ባህር ዛፍ ግማሹ ሲቆረጥ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል። እንዲህ ያለውን በመደበኛው የኋላ ቁርጥ አትጀምሩት፤ ጫፉን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ግንዱንም በሰንሰለት ወይም በቀበቶ እሰሩ።

በጠባብ ግቢ ሥራው ከላይ ወደ ታች በቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሳይቆረጥ በፊት ይታሰራል። የማውረጃው ገመድ ታች በግንዱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይጠመጠማል፤ ሰበቃው ክብደቱን ይይዛል። ገመድ ያዡ ቁራጩን ድንገት ካቆመው ገመዱና የታሰረበት ግንድ ላይ የሚያርፈው ጉልበት የቁራጩን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ዛፉ ላይ ያለውንም ሰው ያናውጠዋል። ትንሽ እየለቀቀ፣ እያለሳለሰ ያስቁመው። ላይ ያለው «ይወርዳል!» ሲል ታች ያለው «ባዶ ነው!» ብሎ ካልመለሰ አይቆረጥም።

ለሚከረከም ዛፍ ሦስት ቁርጥ ተጠቀሙ። ከግንዱ 30 ሳንቲሜትር ርቃችሁ ቅርንጫፉን ከሥር እስከ አንድ ሦስተኛው ግዝግዙት። ከዚያ 5 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ወጣ ብላችሁ ከላይ ቁረጡ፤ ቅርንጫፉ ቅርፊት ሳይልጥ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረውን ቁራጭ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሳበት ካለው እብጠት ውጭ ቁረጡ። እብጠቱን ከግንዱ ጋር ለጥ አድርጎ መቁረጥ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋበትን ክፍል ይወስድበታል። ቁስሉን ቀለም መቀባት አይጠቅምም፣ እርጥበት ይይዛል። በአንድ ዓመት ከለምለሙ አክሊል ከአንድ አራተኛ በላይ አትቀንሱ። ደንበኛው «አናቱን ቁረጡልኝ» ሲል ውጤቱን ንገሩት፦ የተቆረጠው አናት ይበሰብሳል፣ ከዚያው ላይ የሚበቅለው ቀንበጥ ደግሞ ቅርፊት ላይ ብቻ የተያዘ ስለሆነ በነፋስ ይገነጠላል።

ሽቦ ካለ፣ ሰውም መሣሪያም ቅርንጫፍም ከመካከለኛው ቮልቴጅ መስመር 3 ሜትር ውስጥ አይግባ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በ905 ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክታችሁ መስመሩ መጥፋቱን በቦታው በመጣ ባለሙያ ሳታረጋግጡ አትውጡ። ሰፈሩ መብራት ስለጠፋበት መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ በማንኛውም ደቂቃ ይመጣል።

እያንዳንዱ ዛፍ ጠባይ አለው

ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ደንበኛው ዳግም እንዳይበቅል ከፈለገ ጉቶውን ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቅርፊቱን እስከ አፈሩ ላጡ፣ በአፈር ሸፍኑ፤ የሚወጣውንም ቀንበጥ በየጊዜው መልምሉ። ይህን ክትትል ለብቻው ዋጋ አውጡለት። የፈረንጅ ጽድ ተቃራኒ ነው፤ ውስጥ ያለውን ቡናማ ደረቅ ክፍል ድረስ ከቆረጣችሁት አይለመልምም፣ አጥሩ ለዘለቄታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። አረንጓዴውን ክፍል ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከርክሙ። ጃካራንዳ ብዙ ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀንበጥ ያበዛል። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ቢሆንም መከርከምን ይቋቋማል።

አቮካዶ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ይከርከም። ድንገት ጸሐይ ያገኘው ቅርንጫፍ ቅርፊቱ ይቃጠላል፤ በውኃ የቀጠነ ኖራ ወይም ነጭ የውኃ ቀለም ቀቡት። ዘንባባ ላይ ደረቁን ብቻ አንሱ፤ በደረቅ ቅጠል ቀሚስ ሥር ሆናችሁ አትውጡ፣ ተንሸራቶ ሰው ያፍናል። ቁልቋልና ቅንጭብ ደግሞ ቀላል ይመስላሉ፣ ነጩ ወተታቸው ግን ዓይን ያሳውራል። መነጽርና ረጅም ጓንት ግዴታ ነው፤ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ሐኪም።

እንጨቱ ሁለተኛው ገቢ ነው

ቀጥ ያለውን ለግንባታ፣ ጠማማውን ለፍልጥ ለዩ። የአጣና ገዢ ርዝመቱን አስቀድሞ ይንገራችሁ፤ ዛፍ ላይ በዘፈቀደ የተጎመደ እንጨት የማገዶ ዋጋ ብቻ ነው የሚያወጣው። ፍልጥ ለእንጀራ ጋጋሪዎችና ለዳቦ ቤቶች ይሄዳል፤ ከርሞ የደረቀው ከእርጥቡ የተሻለ ዋጋ ስላለው ማስቀመጫ ቦታ ካላችሁ ከክረምት በፊት አከማቹ፣ በዝናቡ ወራት ደረቅ ማገዶ ይፈለጋል። እንጨት ሲጫን የመቁረጫ ፈቃዱ ኮፒ ከሹፌሩ ጋር ይሁን።

ደንበኛ ማግኘትና ማቆየት

ሥራው ወቅት አለው። ግንቦትና ሰኔ የክረምት ነፋስን የሚፈራ ሁሉ ይደውላል፤ ያኔ ዋጋ አትቀንሱ። ሐምሌና ነሐሴ የወደቀ ዛፍ ይነሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዝቀዝ ይላል፤ ለጥር ሰርግ ግቢያቸውን የሚያሰናዱትን፣ የአጥር መከርከሚያ የሚፈልጉትን የምታገኙት ያኔ ነው። ማስታወቂያችሁን ሥራው ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ልቀቁ።

በጉግል ማፕ ላይ በሰፈራችሁ ስም ተመዝገቡ፤ ሥራውን የጨረሰ ደንበኛ ገና በር ላይ ሳለ አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቁት። በቴሌግራምና በቲክቶክ የምትለጥፉት ቪዲዮ አንድ ግቢ ከሥራው በፊትና በኋላ፣ ከአንድ ቦታ የተነሳ ይሁን። የሚወድቅ ግንድ ተመልካች ያመጣል፣ ደንበኛ የሚያመጣው ግን የተጠረገው ግቢ ነው። ሄልሜት የሌለው ሠራተኛ የሚታይበትን ቪዲዮ አትለጥፉ፤ የኤምባሲና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

የግቢ ጥበቃዎችን አክብሩ። የትኛው ቤት ዛፍ እንዳስቸገረው ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ካርድ ስጧቸው፣ በላኩት ሥራ ልክ የተወሰነ ኮሚሽን በዕለቱ ክፈሉ። ሌላው ጥሩ ደንበኛ ውጭ ሀገር የሚኖር፣ እዚህ ቤት ያለው ሰው ነው። ሥራውን መቆጣጠር ስለማይችል የሚገዛው እምነት ነው፦ የተጻፈ ግምት፣ የፈቃዱ ፎቶ፣ በየደረጃው የሚላክ ቪዲዮ። አንዱ በደንብ ከተሠራለት ለወንድሙና ለእህቱ ቤት ይልካችኋል።

ከዚህ ሁሉ ግን ገቢን የሚያረጋጋው ቋሚ ውል ነው። የተቆረጠ ዛፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል፤ የሚከረከም አጥር በየዓመቱ። ለጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበራት፣ ለሰበካ ጉባኤዎች፣ ለሆቴሎችና ለትምህርት ቤቶች የዓመት ዕቅድ አቅርቡ፦ የግቢው ዛፎች በቁጥር ተዘርዝረው፣ እያንዳንዱ በየትኛው ወር ምን እንደሚደረግለት፣ ክፍያው በአራት ተከፍሎ። ለትምህርት ቤት ሥራውን በእረፍት ሳምንት፣ ለቤተ ክርስቲያን ከንግሥ በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የዛፉን ዓይነት፣ የተሠራበትን ቀንና የሚቀጥለውን ቀጠሮ የያዘ አንድ መስመር መዝግቡ። ቀኑ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያለፈውን ፎቶ አያይዛችሁ መልእክት ላኩ፤ መልስ ካልመጣ በሳምንቱ ደውሉ።